ጫጩቱን ማን በላው?

በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፣ ኮን



ሰብሳቢያችን ሰዓት የሰጡኝ ስለ ቁጠባ እንድናገር ነበር። እኔ ግን ፈቃዳቸውን ጠይቄ ርእሱን ለውጬዋለሁ፤ የምናገረው ስለ ድመት ነው። መሳቅ የፈለገች ትሳቅ። ግን ባለፈው ስብሰባችን ላይ ማን እንዳለቀሰች አስታውሱ። አንዲት እህታችን የዶሮ ብድሯን ስንጠይቃት ተነሥታ «ጫጩቶቼን የሰው ድመት ጨረሰብኝ፤ የድመት ዕዳ ነው እንዴ የምከፍለው?» አለች። ሌላዋ ደግሞ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ «የእኔን ድመት ነው የምትዪው?» ብላ መለሰች። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን እዚህ አልደግመውም። ቃለ ጉባኤው ላይም «አባላት ሐሳብ ተለዋወጡ» ብለን ነው ያለፍነው።

እንደምታውቁት የማኅበሩን ሒሳብ የምይዘው እኔ ነኝ። በብድር መዝገባችን ላይ ክፍያው የዘገየበት ምክንያት የሚጻፍበት ዓምድ አለ። ከስብሰባው በኋላ ቤቴ ገብቼ ያንን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ባየው ደጋግሞ የሚገኘው ቃል «ድመት» ሆነ። የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፌ ነው። ሒሳብ ስንማር ገና በመጀመሪያው ዓመት የተነገረን ነገር ማስረጃ የሌለው ወጪ አይመዘገብም የሚል ነበር። እኔ ግን በድመት ላይ ያለ ደረሰኝ ስመዘግብ ኖሬአለሁ።

እውነት ድመት ዶሮ ትበላለች ወይ? ለዚህ መልስ ለመስጠት ከራሴ ጓሮ መጀመር አለብኝ፤ የምነግራችሁም የማፍርበትን ነገር ነው።

ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። አንዲት የአበሻ ዶሮዬ ታቅፋ 11 ጫጩት ፈለፈለችልኝ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሌሊት ዝናብ ጥሎ ሲያድር ሁለቱ ጠዋት ደርቀው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሦስቱ አንድ በአንድ ጠፉ። ሦስተኛው የጠፋ ዕለት ከሥራ ስመለስ የጎረቤቴ ድመት ጫጩት በአፏ ይዛ በአጥሩ ካብ ላይ ስትሄድ በዐይኔ አየኋት። ዐይኔ ያየው አንድ ጫጩት ነው። እኔ ግን ሦስቱንም በእሷ ላይ ጻፍኩ፤ ንዴቴ ሲብስም በዝናቡ የሞቱትን ሁለቱን ጨመርኩባትና «አምስት ጫጩት በላችብኝ» እያልኩ ለሰው አወራሁ። ጎረቤቴ ዘንድም ሄጄ «ድመትዎን ይያዙልኝ» አልኳቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ ድመት በገመድ አይታሰር፤ አንቺ ጫጩትሽን ክደኚ» አሉኝ። እናት ናቸውና ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። እኔ ግን እንደ ስድብ ሰማሁት።

ገበያ ወጥቼ የአይጥ መርዝ ገዛሁ። ከትርፍራፊ ሥጋ ጋር አድርጌ ማታ አጥሩ ሥር አስቀመጥኩ። ጠዋት ድመቷ ከካቡ ማዶ ሞታ ተገኘች። ማንም አላየኝም። በዚያው ጠዋት፣ ገና ሥጋውን ሳላነሣ፣ ልትጥል የደረሰች አንዲት ቄቤ የተረፈውን ጭራ አገኘችው፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ሞተች። «ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ» ሲባል እሰማ ነበር፤ ካራውን የቀበርኩላት ግን እኔ ነበርኩ።

ድመቷ በሞተች በሦስተኛው ሌሊት ደግሞ ከቀሩት ስድስት ጫጩቶች ሁለቱ ጠፉ፤ እናታቸውም አንገቷ ተነክሶ ተገኘች። ወንድሜ መጥቶ የዶሮ ቤቱን ዙሪያ ሲፈትሽ በጣሪያውና በግድግዳው መካከል ክፍት ቦታ አገኘ፤ ጠርዙ ላይ ጸጉር ተጣብቋል። ሸለምጥማጥ ነበር። ሌሊት መጥቶ የሚሄደው እሱ፣ ቀን በካብ ላይ የምትታየው ድመቷ። ስለዚህ ስሙ የወጣው የእሷ ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። መኸሩ ገብቶ እህል ቤት ሲሞላ አይጥ ተነሣ። ስንዴዬን ያኖርኩበትን ጆንያ ከሥሩ ቀዶት ሳላውቅ ብዙ ቀን በላው። አይጠ መጎጡ ደግሞ ዶሮዋ ከታቀፈችው ውስጥ እንቁላል እያንከባለለ ወሰደ። የጎረቤቴም እህል እንዲሁ ተበላ። እሳቸው ግን «ድመቴ ጠፋች» ከማለት ሌላ አንድ ቃል አልተናገሩም። ቡና መጥራታቸውን ቢተዉ ይሻለኝ ነበር፤ አልተዉም።

ከዚያ በኋላ ነው ደብተር የያዝኩት። አንድ ዶሮ ወይም ጫጩት በጎደለኝ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተገኘበትን ቦታ፣ ቁስል መኖር አለመኖሩን፣ ዐይኔ ያየውን እጽፋለሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ 14 ጎደሉኝ። ስድስቱ በበሽታ፣ ሦስቱ ገና በመጀመሪያው ሳምንት በብርድ፣ ሁለቱ በጭልፊት፣ አንዱ የውኃ ጣሳ ውስጥ ገብቶ፣ አንዱ በድመት፤ የቀረውን አንድ ምን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ይህ የአንዲት ሴት ጓሮ ሒሳብ ነው፤ ለኮን ሁሉ አይሠራም። ነገር ግን በአገራችን የገጠር ዶሮ ላይ የተደረጉ ጥናቶችም የሚሉት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ያልቃሉ፤ ከገዳዮቹም አብዛኛውን ጊዜ በሽታ ይቀድማል፣ አውሬ ይከተላል። ድመት በአውሬዎቹ ውስጥ ከጭልፊትና ከሸለምጥማጥ ጋር ተቆጥራ የምትገባ ናት።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው ልመለስ። ድመት ጫጩት ትበላለች። «የእኔ ድመት አትነካም፣ ዶሮ መሀል ነው ያደገችው» የምትሉ አላችሁ፤ እኔም አምናችኋለሁ፣ ግን ለምሳሌ ያህል ብቻ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ የተባለው በከንቱ አይደለም። ድመት የምታድነው በረሃብ ብቻ ሳይሆን በተፈጥሮዋም ነው፤ ትንሽ ሆኖ የሚሯሯጥ፣ ጭር ጭር የሚል ነገር ካየች ጠግባም ቢሆን ትዘላለች። ሳምንት የሞላው ጫጩት ለእሷ ከአይጥ የሚለይበት ነገር የለም። ያደገች ዶሮ ግን ሌላ ጉዳይ ናት። የእኛ አገር ዶሮ አድጋ አንድ ኪሎ፣ አንድ ኪሎ ተኩል ትመዝናለች፤ ክንፍ አላት፣ ጥፍር አላት፣ ጩኸት አላት። ሦስት ኪሎ የማትሞላ የሰፈር ድመት ከእሷ ጋር ግብግብ መግጠም አትወድም። አውራ ዶሮማ ካለ ድመቷ ራሷ ዞራ ነው የምትሄደው። ያደገች ዶሮ ሞታ ስትገኝ መጀመሪያ ድመት የምትሉ ሰዎች ቆም በሉ።

እናቶቻችን «ድመት ከዶሮ ጋር ይኖራል» ሲሉን የኖሩትም ውሸት አልነበረም። እኔ ብዙ አሰብኩበት። በእነሱ ጊዜ ጫጩት እናት ነበረው። ዶሮዋ 21 ቀን ታቅፋ ትፈለፍላለች፤ ከዚያ ሁለት ወር ያህል ክንፏን ዘርግታ ትጠብቃለች። ጭልፊት በሰማይ ሲያልፍ የምታሰማው ድምፅ አለ፤ ጫጩቶቹ ሰምተው በሥሯ ይገባሉ። ድመት ሲመጣ ደግሞ ላባዋን ነፍታ ዐይን ዐይኑን ትላለች። ማታም ሁሉም ከሰው ጋር አንድ ቤት፣ ቆጥ ላይ ነው የሚያድሩት። ጥበቃው ይኸው ነበር፤ ማንም ጥበቃ ብሎ አይጠራውም እንጂ።

አሁን ማኅበራችን በብድር የሚሰጠን ጫጩት እንዲህ አይደለም። ሳሶ ይሁን ኮኮክ ወይም ቦቫንስ፣ በመፈልፈያ ማሽን ተፈልፍሎ በአሳዳጊ እጅ 45 ቀን ወይም ሁለት ወር ቆይቶ የሚመጣ ነው። እናት አያውቅም፤ የጭልፊትን ጥላ አያውቅም፤ ድመት ስትመጣ የሚመግበው ሰው የመጣ መስሎት ወደ እሷ የሚሮጥ ጫጩት በዐይኔ አይቻለሁ። ላባው ሙሉ ስለሆነ ትልቅ ይመስላል፤ ኪሎው ግን ገና ነው። ደግሞም 20 ሆኖ ስለሚመጣ ቆጥ ላይ አይበቃም፤ ስለዚህ ውጭ፣ በበር ፈንታ ጆንያ በተጋረደበት ማደሪያ ይከተታል። የእናቶቻችንን ጥበቃ ሁሉ አንሥተን የእናቶቻችንን አባባል ብቻ አስቀርተናል።

አሁን ስለ ማስረጃ ልናገር፤ ለጭቅጭቃችን መፍትሔው ያለው እዚህ ላይ ነው። ድመት አንድ ትወስዳለች እንጂ ብዙ አትጨፈጭፍም። ትንሽ ጫጩት ከሆነ ሙሉውን ይዛ ትሄዳለች፤ ቦታው ላይ ምንም አታገኙም፣ ወይም ጥቂት ላባ ብቻ። ብዙውን ጊዜ ረፋድ ላይ ወይም ፀሐይ ስትገባ ነው። ነገ ተመልሳ ትመጣለች፤ ስለዚህ በየቀኑ አንድ እየጎደለ ከሄደ ድመትን መጠርጠር ተገቢ ነው። ጭልፊትም አንድ ነው የሚወስደው፤ ግን በጠራራ ቀን፣ ከሜዳ ላይ፣ ዶሮዎቹን ሁሉ እያስጮኸ ነው። ትልቅ ዶሮ ከያዘ እዚያው ይነጫታል፤ ላባው በአንድ ቦታ ክብ ሆኖ ተበትኖ ታገኙታላችሁ። ሸለምጥማጥ የሌሊት ነው። ከገባ አንድ በልቶ አይወጣም፤ አንገት አንገት እየነከሰ ሦስት አራት ይገድልና ከፊሉን ጥሎ ይሄዳል። ውሻ የገባበት ቤት ደግሞ አይጠፋችሁም፤ በሩ ተገንጥሎ፣ ዶሮዎቹ ተቦጫጭቀው ሳይበሉ ይቀራሉ። የጫጩት እግር ተነክሶ፣ ወይም ሬሳው ጉድጓድ አፍ ላይ ተወትፎ ካገኛችሁ አይጠ መጎጥ ነው። ይህን የሚሠራ ድመት የለም፤ እንዲያውም ይህን የሚሠራውን የምትበላ ድመት ናት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ብዙዎቻችን የተሳሳትነው በዚህ ይመስለኛል። ድመት ዶሮ ስትበላ ማየት፣ ድመት ዶሮ ገደለች ማለት አይደለም። ፈንግል የገባበትን ቤት አስቡ። ዶሮዋ ትጨፈግጋለች፣ አረንጓዴ ትቀዝናለች፣ አንዳንዷ አንገቷ ይጣመማል፣ በሁለት በሦስት ቀን ትሞታለች። ሌሊት ከቆጥ የወደቀችውን ድመት አግኝታ ስትበላ ጠዋት ብትደርሱባት ምን ትላላችሁ? እኔ በመዝገባችን ላይ «ድመት» ብዬ ከጻፍኳቸው ውስጥ ሦስቱ በአንድ ወር፣ በአንድ ሰፈር የሆኑ ናቸው። በአንድ ወር የሦስት ቤት ድመት አብሮ አያብድም። ያ ፈንግል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ያን ጊዜ አውቀነው ቢሆን የቀሩትን ባስከተብን ነበር። ድመቷን እየረገምን በሽታው በር ለበር ሄደ። እንዲያውም ከእኛ አንዳንዶቻችን (ስም አልጠራም፣ እኔም እዚያ ነበርኩ) ዶሮ መጨፍገግ ስትጀምር ቶሎ ገበያ አውጥተን ሸጥን። የገዛችው ሴት ወደ ቤቷ ዶሮ ብቻ ይዛ አልሄደችም።

ድመቶችን እናጥፋ የሚል ሐሳብ ባለፈው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ብዙ ራስ ሲነቀነቅ አይቻለሁ። እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ልመልስ። የዋድላ ሰው ሀብቱ ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና ምስር ነው፤ ያ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ጎተራና ጆንያ ውስጥ ይቀመጣል። ድመት በዓመት አንድ ሁለት ጫጩት ወሰደች እንበል። አይጥ በዓመት የሚበላውን እህል ማንም አይመዝነውም፤ ስላልተመዘነ የሌለ ይመስላል። እኔ ድመቷን ከገደልኩ በኋላ የጠፋብኝን ስንዴ ሳስላው ጫጩቶቹን ሁሉ ደግሞ ደጋግሞ ይገዛ ነበር። ስለ መርዙም አንድ ቃል፦ ያንን ሥጋ ቄቤ ሳትሆን የጎረቤት ሕፃን አንሥቶት ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆሜ አልናገርም ነበር። ሙስሊም እህቶቻችን ድመትን መበደል በእምነታቸው ምን ያህል እንደሚነወር ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ ድመት ስለሚወድ አቡ ሁረይራ፣ የድመት አባት፣ ተብሎ በዚያው ስም እስከ ዛሬ ይጠራል።

ይህን ስል ድመት ጉዳት የላትም ማለቴ አይደለም። ከጫጩቱ ይልቅ እኛን ሴቶችን የሚነካ አንድ ጉዳት አለና እሱን ሳልናገር አላልፍም። ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዐይን የማይታይ ጥገኛ ተውሳክ አለ፤ ከድመት ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ዶሮ መሬት ስትጭር ትወስደዋለች፤ እሷ ብዙ ጊዜ አትታመምም፣ በሥጋዋ ውስጥ ግን ይቀመጣል። በአዲስ አበባ ልቅ ሆነው ከሚለቅሙ ዶሮዎች ልብ ውስጥ ሳይቀር ተመራማሪዎች አውጥተውታል። ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝናዋ ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ለፅንሱ አደገኛ ነው፤ ሊያስወርድም፣ የሕፃኑን ዐይንና አንጎል ሊጎዳም ይችላል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር የሆነች እህት የድመት ቆሻሻ አትንካ፤ የዶሮ ቤቱንም ሌላ ሰው ይጥረግላት፤ ጎመን ስትኮተኩትም ሆነ ዶሮ ስትገነጥል እጇን በሳሙና ትታጠብ። ተውሳኩ በወጣበት ዕለት አይይዝም፤ ቀን ካደረ በኋላ ነው የሚበረታው፤ ስለዚህ ቆሻሻው በየቀኑ ከተጠረገ አደጋው በጣም ይቀንሳል። በደንብ የበሰለ ወጥ አያሰጋም፤ ጥሬ ሥጋ ግን ያሰጋል፣ ያውም ድመት የሌለባትን ሴት። የእብድ ውሻ በሽታም በድመት ይመጣል። ድመት የነከሰችው ልጅ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠብና ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሕጉስ ምን ይላል ያላችሁኝ ነበራችሁ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ቢሆን እንኳ። በዚህ በኩል ጫጩቷን ያጣችው እህታችን እውነት አላት። ነገር ግን በቁጥር 2073 ላይ አንድ ነገር ተጨምሯል፤ የቤት እንስሳው ባለቤት የራሱ ጥፋት ከሌለበት እንስሳውን ለተጎዳው ሰው በማስረከብ ከኃላፊነቱ ሊወጣ ይችላል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ጫጩት የተበላባት ሴት ፍርድ ቤት ሄዳ፣ ተከራክራ፣ ረትታ፣ ድመቷን ታቅፋ ትመለሳለች ማለት ነው። እኛ ግን ፍርድ ቤት የምንደርስ ሰዎች አይደለንም፤ ቡና አለን።

እኔም የራሴን በቡና ነው የጨረስኩት። ባለፈው ወር ስድስት እንቁላል በሰፌድ ይዤ ጎረቤቴ ዘንድ ገባሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲኒውን እስኪያስቀምጡ ዝም አሉ። ከዚያ «ዶሮሽ የሞተች ዕለት አውቄዋለሁ» አሉኝ። «ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?» ብላቸው «አንቺ ራስሽ እስክትመጪ ነዋ» አሉ። እንቁላሎቹን አልተቀበሉኝም፤ «አሳቅፊያቸው» ብለው መለሱልኝ። ታቅፈዋል፤ ከሚፈለፈሉት ግማሹ የእሳቸው ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጥፋቴን ልናገር፤ ይኸኛው የሚነካው ሁላችሁንም ነው። የዶሮ ብድር ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጦርነቱ ጊዜ ብዙዎቻችን ከብትም ዶሮም አጥተን፣ እንደገና መነሣት ስንጀምር ቶሎ የሚደርሰው ዶሮ ነው ተባለ። እኔም በችኮላ ቅጽ ሠራሁ፦ ጫጩት መግዣ ይህን ያህል፣ መኖ ይህን ያህል፣ ማጓጓዣ ይህን ያህል። የዶሮ ቤት የሚል መስመር የለውም። ክትባት የሚልም የለውም። 20 ጫጩት ለአንዲት ሴት ስንሰጥ ማደሪያውን ከየት ታመጣለች ብዬ አልጠየቅሁም። ያ እህታችን ባለፈው ስብሰባ ያለቀሰችበት ዕዳ በድመት ብቻ የመጣ አይደለም፤ በእኔም ቅጽ ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፣ ተከራከሩበት። ለአንዲት አባል ቤት የሌለው 20 ጫጩት ከምንሰጥ ቤት ያለው 12 እንስጥ። ቤቱ ቤተ መንግሥት መሆን የለበትም። ካብ ድንጋይ አለን፣ ባሕር ዛፍ አለን፣ ጭቃ አለን። የሚገዛው ሽቦና ምስማር ነው። እኔ ለራሴ ስሠራ የሽቦው ዋጋ ለፋሲካ ከሸጥኳቸው ሦስት ዶሮዎች አልበለጠም። ሽቦ ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ፤ ለአጥር የሚሸጠው ዐይኑ ሰፊ የሆነው ድመት ቢከለክልም አይጥና ሸለምጥማጥ አይከለክልም። ጣት የማያሳልፈውን ምረጡ። ወለሉ ከመሬት ከፍ ይበል፣ ከጣሪያው ሥር ያለው ክፍት ሁሉ ይደፈን (እኔ የተበላሁት በዚያ ነው)፣ በሩ በገመድ ሳይሆን በመቀርቀሪያ ይዘጋ። ማታ 12 ሰዓት ሳይሞላ ቆጥራችሁ ዝጉ። መቁጠሩን አትተዉ፤ ጫጩት የጠፋበትን ሰዓት የማታውቅ ሴት ማን እንደወሰደባትም አታውቅም።

ቀን ቀን ደግሞ ጫጩቶቹ ሁለት ወር እስኪሞላቸው እናታቸው ካለች ከእሷ ጋር በትልቅ ቅርጫት ሥር ክደኗቸው፣ ላዩ ላይ ድንጋይ አስቀምጡበት። እናት የሌላቸውን በሽቦ በታጠረ ቦታ አውሏቸው፤ ላዩም ይከደን፣ አለበለዚያ ጭልፊቱ «ለእኔ ነው ያጠራችሁልኝ» ይላል። ድመት ያላችሁ ደግሞ አብሏት። «አይጥ እንድትይዝ ትራብ» የሚለው ትክክል አይደለም፤ ድመት ጠግባም አይጥ ትይዛለች፣ የተራበች ግን የጎረቤት ጓሮ ታዞራለች። ግልገል ድመት ስታመጡ ገና በትንሽነቷ ከእናት ዶሮ ጋር ይተዋወቁ፤ አንድ ጊዜ አፍንጫዋን የተነቆረች ድመት ረጅም ጊዜ ታስታውሳለች። ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ ቅድም ስለ መንኩሳዋ ነግሬአችኋለሁ።

ለመተዳደሪያ ደንባችንም አንድ መስመር እንዲጨመር እጠይቃለሁ፦ መርዝ ያስቀመጠ አባል በሌላ ሰው እንስሳ ላይ ለደረሰው ጉዳት ይክፈል። ይህ ደንብ ሲጸድቅ የመጀመሪያዋ ከፋይ እኔ ልሁን፤ ጎረቤቴ አባል ባይሆኑም።

የቀረኝ የክትባቱ ጉዳይ ነው። የፈንግል ክትባት ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል፤ በዐይን በሚንጠባጠብ ጠብታ የሚሰጥና ሙቀትን ከሌላው በተሻለ የሚቋቋም ዓይነትም አለው። አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ ስለሆነ፣ ከተበጠበጠም በኋላ ስለማይቆይ፣ አምስት ዶሮ ያላት ሴት ብቻዋን ብትገዛው አብዛኛው ይደፋባታል። አንድ ላይ ሆነን በአንድ ጠዋት ብናስከትብ ግን ለአንዷ ዶሮ የሚደርሰው ወጪ ከአንድ እንቁላል ዋጋ ያነሰ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም፤ በየሦስትና አራት ወሩ ይደገማል፤ ቀኑን እኔ እይዝላችኋለሁ። የታመመች ዶሮ ያላት አታምጣ፤ ክትባቱ ላልታመመች ነው።

ከቡናው በኋላ ደብተሩን ይዤ በር ላይ እቀመጣለሁ። ያላችሁን ዶሮ ቁጥር ንገሩኝ፤ ጫጩቱን ለብቻ፣ ቄቡን ለብቻ፣ አውራውን ለብቻ። በድመት ተበላ የምትሉትንም አሁን እንደገና እጽፈዋለሁ፤ ግን ቀኑንና ሰዓቱን፣ በዐይን ያየው ሰው መኖር አለመኖሩንም እጠይቃለሁ።